ጨው የፈራው አቋራጭ

በአልዩ አምባ ገበያ፣ ከወፍጮ ቤት ጥግ፣
ለኮምፒውተሬ ነፍስ መብራት ስፈልግ፣
ዱቄት እንደ ጤዛ ቁልፎቹ ላይ ወርዶ፣
ተራራው ተነሣ በካሬ ተጎርዶ።

እያንዳንዱ ካሬ ሠላሳ ሜትር ነው፤
ዳገት ቁልቁለቱን በቁጥር ያዘለው።
“ድካምን አስላልኝ” አልኩት፣ “ከቆላው አፍ፣
ግመል ከሚቆምበት እስከ አንኮበር ጫፍ፣
ጨው የጫነ አጋሰስ የት የት ብሎ ይለፍ?”

ጥቂት አጉረመረመ።
ከዚያ ቀይ መስመር፣ ቀጭን እንደ ፈትል፣
አንዲት ጠብታ ላብ እንዳትባክን ብሎ፣
በሸለቆው ሆድ ዕቃ ወጣ ተጠቅልሎ።
ደስ አለኝ።
(በካርታ ላይ ማንም ነጋዴ አይደክመውም።)

ሦስት ቀን ሄድንበት፣ እኔና ሽመክት፤
እሱ ጂፒኤስ ይዞ፣ እኔ ባዶ ከረጢት።
ገል የለም። አመድ የለም። የማረፊያ ካብ የለም።
ሳማና ቀጋ ብቻ፣ አለት ላይ የተኛ ጉም።
ከቀትር በኋላ ቁልቁል ሲወርድብን፣
የማስታወሻ ደብተሬ ከነቀለሙ ራሰብን፤
ሽመክት ሳቀና፣ “መስመርሽ ያማረ ነው፣
የጎደለው ነገር የሄደበት ሰው ነው።”

በአራተኛው ቀን እህል ልታስፈጭ የመጣች
ሰዲያ የምትባል የአርጎባ ሴት
ጣቷን ስክሪኑ ላይ አኖረች፤
የዱቄት አሻራ ሸለቆው ላይ ቀረ።
“ይሄ ምንድን ነው?”
“መንገድ። የጥንት ነጋዴዎች የወጡበት።”
“ማን ነገረሽ?”
“ሒሳቡ።”
“ሒሳቡ ጨው ተሸክሞ ያውቃል?”

የአያቷ አባት አጋሰስ ነጂ ነበሩ አለች።
“በዚህ ሰው ይወጣል፣ ፍየልም ይወጣል፤ ጨው ግን አይወጣም።
አሞሌ ጉም ይጠጣል።
ጠርዙ ይረግፋል፤ የተሸራረፈውን
ገበያ ሲደርስ ማን በሙሉ ዋጋ ይቀበላል?
እና በፀሐዩ ጀርባ፣ በዙሩ፣ በረጅሙ፣
ከብቱ እየለፋ፣ ጨው ይትረፍ ከጉሙ።”

ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ ይባላል ባገሩ፣
ድንጋይ ነህ ተብለህ እንዳትጣል ከበሩ።
እኔ ግን የዚያን ቀን የሰማሁት ሌላ፦
ጨው ለራሱ ሲል ተራራ መዞሩን፣
የአጋሰሱን ወገብ ከፋይ ማድረጉን።

ማታ ጉምን ቁጥር አደረግኩት።
የሰዲያን ቃል ከሳተላይት ደመና ጋር አዳብዬ
ሸለቆውን በግራጫ ቀባሁ፤
“በዚህ ማለፍ ውድ ነው” አልኩት።
መስመሩም እንደ ተነካ እባብ
ከወንዙ ሸሸና ወደ ፀሐዩ ጀርባ ተሳበ።

በማግስቱ ሽመክት ተንበርክኮ ሣሩን ገለጥ አደረገ።
ድንጋዩ ሰርጎድ ብሏል፣ በኮቴ ተሞርዶ፣
ስንት ክረምት አጥቦት፣ ስንት በጋ ነዶ።
የጋን አንገት አገኘን፣ የቃጭል ምላስም፤
ከወይራው ሥር ሦስት ጉልቻ፣ ዛሬም ጥቁር ናቸው።

አንድ ነገር ብቻ እምቢ አለ።
ከወይራው በታች መንገዱ በድንገት ይታጠፋል፤
ሁለት መቶ ሜትር ወደ ግራ ሄዶ ይመለሳል።
ገደል የለ፣ ምንጭ የለ፣ መቃብር የለ፣ ጉም እንኳ የለ።
ሰዲያን ስጠይቃት ሻሿን አስተካከለችና
“ምናልባት የሚወዱት ሰው ቤት ነበረ” አለች፤
“ወይ የሚፈሩት። ወይ አበዳሪ።
በይ፣ ዱቄቴ ደረሰ።”

ያቺን ጥምዝ ካርታው ላይ በእጄ ሳልኳት፤
ማሽኑ እስካሁን አላመነባትም።
“ድካም” በሚለው ዓምድ፣ ቁጥር በሚገባበት፣
“አልታወቀም” ብዬ አለፍኩ።

በመጨረሻው ቀን የጋኑን አንገት ተሸክመን ስንወርድ፣
ሽመክት ጂፒኤሱን አጥፍቶ ነበር፤
ከወይራው ሥር ስንደርስ፣ ምንም ሳንነጋገር፣
ሁለታችንም ወደ ግራ ዞርን።